በጥገና ስህተት የሚደርስ የተሽከርካሪ ጉዳት

በጥገና ስህተት የሚደርስ የተሽከርካሪ ጉዳት ማለት መኪና፣ ባጃጅ ወይም የጭነት ተሽከርካሪ ለእድሳት ወይም ለተለመደ አገልግሎት ጋራዥ ገብቶ ከወጣ በኋላ፣ በሥራው ጉድለት ምክንያት የሚደርስበት ብልሽት ነው። ጉዳቱ በፈሰሰ የሞተር ዘይት፣ ባልጠበቀ የጎማ ብሎን፣ አየር በገባበት ፍሬን ወይም በተሳሳተ መለዋወጫ ሊመጣ ይችላል። ሥራውን የሠራው የአምራቹ ወኪል ድርጅት፣ የከተማ ጋራዥ ወይም ከመንገድ ዳር የሚሠራ መካኒክ ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ ባለንብረቱ ካሳ የመጠየቅ መብት አለው። መብቱ በተግባር የሚጸናው ግን ጉዳቱ ከጥገናው የመነጨ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው፤ ማስረጃው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ወይም የሚጠፋው ብልሽቱ በታየ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ውስጥ ነው።

ስያሜና ወሰን

በኢትዮጵያ የጋራዥ ቋንቋ ከጣልያንኛ የተወረሱ ብዙ ቃላት አሉ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ባሌስትራና ቸርኬ ከእነዚህ ጥቂቶቹ ናቸው። የባለቤትነት ደብተሩ ሊብሬ፣ የዓመታዊ ምርመራ ምልክቱም ቦሎ ይባላሉ። እነዚህን ቃላት ማወቅ በጋራዥ ደረሰኝና በባለሙያ ሪፖርት ላይ ምን እንደተጻፈ ለመረዳት ይጠቅማል።

ከጥገና በኋላ የሚታይ ብልሽት ሁሉ የጥገና ስህተት አይደለም። በተለምዶ አራት ምክንያቶች ይለያሉ፦ የሠራተኛው ስህተት፣ የመለዋወጫው ጉድለት፣ የተሽከርካሪው እርጅና እና የአሽከርካሪው አያያዝ። አንዳንዴ ሁለቱ ወይም ሦስቱ በአንድ ላይ ይገኛሉ።

በፎገራ ሜዳና በአካባቢው

የፎገራ ሜዳ በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በደቡብ ጎንደር ዞን የሚገኝ ሰፊ ሜዳ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች አቋርጠውት ወደ ጣና ይገባሉ፤ በክረምትም ሞልተው መሬቱንና መንገዱን ያጥለቀልቃሉ። አካባቢው በሩዝ ምርት የታወቀ ሲሆን ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በወረታ ይገኛል።

ወረታ የመንገድ መገናኛ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ተነስቶ በሐሙሲት በኩል የሚመጣው መንገድ እዚያ ሲደርስ አንደኛው ቅርንጫፍ በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር፣ ሌላው በዓለም በርና በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልዲያ ያመራል። የደራ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው አንበሳሜ ደግሞ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ትገኛለች። የአንበሳሜ፣ የሐሙሲትና የወረታ ነዋሪዎች ለሕክምና፣ ለገበያና ለፍርድ ቤት ጉዳይ የሚጓዙት በአብዛኛው በሚኒባስ፣ በባጃጅና በአውቶቡስ ነው። ሩዙና ሌላው እህል በአይሱዙና በመሰል የጭነት መኪና ይወጣል። በዚህ ምክንያት አንድ ተሽከርካሪ ጋራዥ ሲውል የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። የሹፌሩና የረዳቱ የዕለት ገቢ ይቋረጣል፤ የባጃጅ ባለቤት ተበድሮ ገዝቶ ከሆነ የብድር ክፍያው አይቆምለትም።

የመሬቱ አቀማመጥም በብልሽቱ ዓይነት ላይ ተጽዕኖ አለው። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር፣ ደብረ ታቦር ደግሞ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርድ የጭነት መኪና ፍሬኑን ለረጅም ጊዜ ይጠቀማል፤ ሲወጣ ደግሞ ሞተሩ በጣም ይሞቃል። በሜዳው ላይ የማይታወቅ የፍሬን ወይም የራዲያተር ጉድለት በዚህ መንገድ ላይ ሊገለጥ ይችላል።

የተለመዱ የጥገና ስህተቶች

የሞተር ዘይት ቅያሬ። አሮጌው ዘይት የሚወጣበት ብሎን ካልጠበቀ ዘይቱ ቀስ በቀስ ይፈስሳል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀም ጥርሱ ይበላል። ሌላው ስህተት የአሮጌው ፊልትሮ ጎማ ከሞተሩ ጋር ተጣብቆ ሳለ አዲሱን ፊልትሮ በላዩ ላይ ማሰር ነው። በዚህ ጊዜ ሁለት ጎማዎች ተደራርበው ዘይቱ በግፊት ይወጣል። በሞተር ውስጥ የሚሽከረከሩትን ብረቶች የሚለያቸው ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሲጠፋ ብረት ከብረት ጋር ይፋተጋል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ተጣብቆ ይቆማል። ባጃጅ የሚይዘው ዘይት ከመኪና ሞተር በጣም ያነሰ በመሆኑ አነስተኛ ፍሳሽም በአጭር ጊዜ ያበላሸዋል።

የጎማ እሰራ። ብሎኖቹ በተመጣጠነ ኃይልና በተሻጋሪ ቅደም ተከተል ካልጠበቁ ቸርኬው በትክክል አይቀመጥም። በቸርኬውና በማቀፊያው መካከል ዝገት ወይም ጭቃ ከቀረም ብሎኖቹ በጉዞ ላይ ይላላሉ። ስለዚህ ጎማ ከተፈታ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ብሎኖቹን እንደገና መፈተሽ ይመከራል። ይህ ርቀት ከወረታ ባሕር ዳር ከመድረስ ጋር ተቀራራቢ ነው።

የፍሬን ሥራ። የፍሬን ዘይት ሲቀየር በቱቦው ውስጥ አየር ከቀረ ፔዳሉ ይሰምጣል። ፈሳሽ ሲጫኑት አይጨመቅም፣ አየር ግን ይጨመቃል፤ የእግር ኃይል አየሩን በመጭመቅ ያልቅና ወደ ጎማው አይደርስም። የፍሬን ሸራ ዘይት ወይም ግራሶ ከነካውም የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል።

የማቀዝቀዣ ሥርዓት። የራዲያተር ጎማ ማሰሪያ ፋሸታ ካልጠበቀ ወይም ውሃ ሲሞላ አየር ካልወጣ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይሞቃል። ከአሉሚኒየም የተሠራ ቴስታታ በሙቀት ይጣመማል፤ ከሥሩ ያለው ጓርኒሲዮንም ይቃጠላል።

የጊዜ ቀበቶ። ቀበቶው የቫልቮችንና የፒስተኖችን እንቅስቃሴ ያቀናጃል። በብዙ ሞተሮች ቀበቶው በጥቂት ጥርስ እንኳ ተዛብቶ ከታሰረ ፒስተኑ ቫልቩን መትቶ ያጣምመዋል። ጉዳቱ ሞተሩ እንደተነሳ ወዲያው ሊታይ ይችላል።

መለዋወጫ። ከመኪናው ጋር የማይገጥም ወይም አስመስሎ የተሠራ ዕቃ መግጠም ሌላው ምክንያት ነው። እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ ዕቃውን ማን ገዛው የሚለው ነው። ባለንብረቱ ራሱ ከገበያ ገዝቶ ካመጣ ጋራዡ ኃላፊነቱን ወደ ዕቃው ሊገፋ ይችላል። ጋራዡ አቅርቦ ከሆነ ግን ሥራውና ዕቃው አብረው የእሱ ይሆናሉ።

ስህተት፣ እርጅና ወይስ ጎርፍ

በፎገራ ሜዳ ምክንያቱን ከመለየት የሚያግድ አንድ ተጨማሪ ነገር ጎርፍ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ተሽከርካሪ በውሃ ውስጥ ካለፈ ውሃው በካምቢዮውና በዲፍረንሺያሉ የአየር መተንፈሻ በኩል ሊገባ ይችላል። ኩሽኔታዎችም ግራሷቸው ታጥቦ ይዝጋሉ። ውሃ በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ ሲሊንደር ከገባ ደግሞ ፒስተኑ ሊጨምቀው ስለማይችል የፒስተኑን ክንድ ያጣምማል። ጋራዡ "ጎርፍ ውስጥ ነድተኸው ነው" ሲል ባለንብረቱ ደግሞ "ከእናንተ ዘንድ ከወጣ ወዲህ ነው" ይላል።

ክርክሩን የሚፈታው በተሽከርካሪው ላይ የቀረው ምልክት ነው። የሞተር ዘይት ወተት የመሰለ መልክ ካለው ውሃ ተቀላቅሎታል፤ የተቀላቀለው ግን የጎርፍ ውሃ ወይም የራዲያተር ውሃ ሊሆን ይችላል። በአየር ማጣሪያው ውስጥ ጭቃና የእርጥበት መስመር መኖሩ ውሃው ከውጭ እንደገባ ያመለክታል። ማጣሪያው ደረቅ ሆኖ የራዲያተሩ ውሃ ጎድሎ ከተገኘ ጥርጣሬው ወደ ቴስታታ ጓርኒሲዮን ያዘነብላል። ለጎማ ብሎንም እንዲሁ ነው። የተበላ ጥርስና ሞላላ የሆነ ቀዳዳ ብሎኑ ላልቶ ለጊዜው እንደተጓዘ ያሳያል፤ በንጹሕ የተሰበረ ብሎን ደግሞ ከመጠን በላይ የመጥበቅ ወይም የአሮጌ ስንጥቅ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ጊዜም ማስረጃ ነው። ዘይት በተቀየረ ማግስት በዚያው ብሎን በኩል የታየ ፍሳሽ ከስድስት ወር በኋላ ከታየው የበለጠ ወደ ጥገናው ያመለክታል። ነገር ግን ተከታትሎ መምጣት ብቻውን ምክንያት መሆንን አያረጋግጥም። ዘይት የተቀየረለት ተሽከርካሪ በማግስቱ ዲናሞው ቢቃጠል ሁለቱ ሥራዎች የሚገናኙበት መንገድ መታየት አለበት።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

ብልሽት ሲታይ የመጀመሪያው እርምጃ መቆም ነው። የዘይት መብራት በዳሽቦርድ ላይ ከበራ ሞተሩን ወዲያውኑ ማጥፋት ያስፈልጋል፤ "ወረታ ድረስ ላድርሰው" ብሎ መንዳት በጥቂት ብር የሚጠገነውን ብልሽት ወደ ሙሉ ሞተር እድሳት ሊለውጠው ይችላል። ከዚህም በላይ ከማስጠንቀቂያው መብራት በኋላ የደረሰው ጉዳት በማን እንደደረሰ ክርክር ይነሳል።

ሁለተኛው እርምጃ ያለውን ሁኔታ መመዝገብ ነው። በስልክ የሚነሳ ፎቶግራፍ የሚከተሉትን ቢያሳይ ይጠቅማል፦ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን፣ በዳሽቦርድ የበሩትን መብራቶች፣ በመሬት ላይ የፈሰሰውን ዘይት፣ የተላላውን ወይም የጠፋውን ብሎን፣ ታርጋውንና አካባቢውን። ተሳፋሪ ወይም ሌላ ምስክር ካለ ስሙንና ስልኩን መያዝ ይገባል። ግጭት ወይም የሰው ጉዳት ካለ ትራፊክ ፖሊስ ሳይመጣ ተሽከርካሪውን ማንቀሳቀስ አይገባም።

ሦስተኛው እርምጃ የተበላሸውን ዕቃ መጠበቅ ነው። በልማድ የወለቀ ዕቃ በጋራዡ ይጣላል ወይም ለቁራሌ ይሸጣል። የተሰበረው ብሎን፣ የተቀደደው ጎማ፣ የተቃጠለው ጓርኒሲዮንና በጠርሙስ የተቀዳ የዘይት ናሙና ግን ለባለሙያ ከማንኛውም ንግግር የበለጠ ይናገራሉ።

አራተኛው፣ ሌላ ጋራዥ ከመጠገኑ በፊት ገለልተኛ ባለሙያ ተሽከርካሪውን እንዲያየው ማድረግ ነው። የመጀመሪያው ጋራዥ ተወካይም እንዲገኝ ቢጋበዝ ይመረጣል። ተሽከርካሪው ተፈትቶ ከተጠገነ በኋላ የመጀመሪያውን ስህተት ማሳየት እጅግ ከባድ ይሆናል። ባለሙያው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለው መካኒክ ወይም የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የአውቶሞቲቭ መምህር ሊሆን ይችላል። ሪፖርቱ ያየውን፣ የለካውንና የደረሰበትን መደምደሚያ ለይቶ ቢጽፍ፣ ቀንና ፊርማም ቢኖረው በሽምግልናም ሆነ በፍርድ ቤት ክብደት ይኖረዋል።

በሕግ በኩል

የፍትሐ ብሔር ሕግ

መሠረታዊው ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በአንቀጽ 2610 መሠረት አንድ ሰው ክፍያ ተቀብሎ በራሱ ኃላፊነት አንድን የሥራ ውጤት ለማስገኘት ግዴታ ሊገባ ይችላል። ባለንብረቱ ተሽከርካሪውን እንዲሠራለት ሰጥቶ ጋራዡም በዋጋ ሲረከብ የሚፈጠረው ግንኙነት የዚህ ዓይነት ነው። ውሉ በጽሑፍ መሆን ግድ አይደለም፤ በቃል የተደረገ ስምምነትም ውል ነው። በአንቀጽ 1731 መሠረት በሚገባ የተቋቋመ ውል ባቋቋሙት ሰዎች ላይ ሕግ ነው።

ውሉ በትክክል ካልተፈጸመ አንቀጽ 1771 ለተጎዳው ወገን ሁለት በሮችን ይከፍታል። እንደ ሁኔታው ውሉ እንዲፈጸም ወይም እንዲሰረዝ መጠየቅ ይችላል፤ በተጨማሪም በደረሰበት ጉዳት ልክ ካሳ ሊጠይቅ ይችላል። ነገር ግን አንቀጽ 1772 በመርሕ ደረጃ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠትን ይጠይቃል። ስለዚህ ለጋራዡ ሳያሳውቁ ተሽከርካሪውን ወደ ሌላ ቦታ ወስዶ አስጠግኖ ሒሳቡን ብቻ መላክ ደካማ መንገድ ነው።

የማስረዳት ሸክሙ በመጀመሪያ የሚያርፈው በጠያቂው ላይ ነው። በአንቀጽ 2001 መሠረት ግዴታው እንዲፈጸምለት የሚጠይቅ ሰው ግዴታው መኖሩን ማስረዳት አለበት። ደረሰኝ ከሌለ ምስክር፣ የባንክ ወይም የሞባይል ክፍያ መረጃ፣ ከመካኒኩ ጋር የተላላኩት መልእክት ሊያገለግሉ ይችላሉ።

ውልን መሠረት ያደረገ ክስ፣ ሕግ በሌላ ሁኔታ ካልደነገገ በስተቀር፣ በአንቀጽ 1845 የ10 ዓመት ይርጋ አለው። ከውል ውጭ በሚደርስ ጉዳት ግን በአንቀጽ 2143 ጊዜው 2 ዓመት ነው። ረጅሙ ጊዜ መዘግየትን አያበረታታም። ዘይት ይደፋል፣ ብሎን ይጠፋል፣ መካኒክም ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል።

የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለአገልግሎት ገዢዎችም መብት ሰጥቷል። በአዋጁ መሠረት ሸማቹ የገዛው አገልግሎት ጉድለት ከተገኘበት በ15 ቀናት ውስጥ አገልግሎቱ ያለ ክፍያ እንደገና እንዲሰጠው ወይም የከፈለው ገንዘብ እንዲመለስለት ሊጠይቅ ይችላል። ነጋዴው ደረሰኝ የመስጠት ግዴታም አለበት።

እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባ ልዩነት አለ። አዋጁ ሸማች የሚለው ዕቃ ወይም አገልግሎት ለግል ወይም ለቤተሰብ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስበትን የቤት መኪና ያስጠገነ ሰው በዚህ ትርጉም ውስጥ በቀላሉ ይገባል። ተሳፋሪ የሚጭን ባጃጅ ወይም እህል የሚያጓጉዝ አይሱዙ ያስጠገነ ባለንብረት ግን "ሸማች አይደለህም" የሚል መቃወሚያ ሊገጥመው ይችላል። ለእሱ ይበልጥ አስተማማኙ መሠረት የፍትሐ ብሔር ሕጉ የውል ክፍል ነው።

ሦስተኛ ወገን ሲጎዳ

ከጥገና በኋላ ፍሬን እምቢ ብሎ እግረኛ ወይም የሌላ ሰው ንብረት ቢጎዳ ጉዳዩ ሰፋ ይላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ባለቤቱ "ጥፋቱ የመካኒኩ ነው" በማለት ከተጎጂው ፊት ዘወር ሊል አይችልም። ተጎጂው ከተካሰ በኋላ ግን ባለቤቱ ወደ ጋራዡ ዞሮ ሊጠይቅ ይችላል። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ ይህን መድን እንዲኖረው ያስገድዳል። ይህ መድን ለተጎጂው የቆመ እንጂ ለባለንብረቱ ለራሱ ሞተር አይከፍልም። ባለንብረቱ በፈቃዱ የሚገዛው አጠቃላይ የመኪና መድንም ብዙ ጊዜ የሜካኒክ ብልሽትንና እርጅናን ከሽፋኑ ውጭ ያደርጋል፤ ስለዚህ የውሉን ቃል ማንበብ ያስፈልጋል።

ዓመታዊ ምርመራ አልፎ ቦሎ መለጠፍም የጋራዡን ሥራ ትክክለኛነት አያረጋግጥም። በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚደረገው ምርመራ ተሽከርካሪው በዚያ ዕለት ያለበትን ሁኔታ የሚያሳይ ነው። ቢሆንም ከጥገናው በፊት የተደረገ የምርመራ ውጤት ፍሬኑ ወይም መሪው ቀድሞ ደህና እንደነበር ለማሳየት ይረዳል።

የካሳ ስሌት

ካሳ ሦስት ክፍሎች ሊኖሩት ይችላል፦ ብልሽቱን ለማስተካከል የወጣው ወጪ፣ ተጓዳኝ ወጪ እንደ መጎተቻና የባለሙያ ክፍያ፣ እንዲሁም የተቋረጠ ገቢ። በአንቀጽ 1799 መሠረት መነሻው እንዲህ ያለው የውል አለመፈጸም በተለምዶ የሚያስከትለው ጉዳት ነው። በአንቀጽ 1801 መሠረት ደግሞ ጉዳቱን ከወትሮው የሚያከብድ ልዩ ሁኔታ እንዳለ ተዋዋዩ በውሉ ጊዜ ተነግሮት ከነበረ ከተለመደው በላይ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል።

ይህ ድንጋጌ በሩዝ አጨዳ ወቅት ትርጉም አለው። አይሱዙውን ለጥገና ሲያስገባ "ከሰኞ ጀምሮ እህል ለማጓጓዝ ውል አለብኝ" ብሎ በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ ያስጻፈ ባለንብረት፣ ያንን ውል ቢያጣ ጥያቄው የተሻለ መሠረት ይኖረዋል። ምንም ሳይናገር መኪናውን ትቶ የሄደው ግን በተለመደው ጉዳት ሊወሰን ይችላል።

በሌላ በኩል አንቀጽ 1802 ተጎጂው ከባድ ወጪና ችግር ሳያስከትልበት ጉዳቱን ሊቀንስ የሚችልበትን እርምጃ እንዲወስድ ያዛል። የሚከተለው ምሳሌ ይህን ያስረዳል፤ ቁጥሮቹ ለስሌት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። አንድ የአንበሳሜ ሚኒባስ ወረታ ላይ ዘይት ተቀይሮለት ወደ ሐሙሲት ሲጓዝ ብሎኑ ወልቆ ሞተሩ ተበላሸ እንበል። የሞተር እድሳት 85,000 ብር፣ መጎተቻ 6,000 ብር፣ ለዘይት ቅያሬው የተከፈለ 4,000 ብር ነው። ሚኒባሱ በቀን 1,500 ብር የተጣራ ገቢ የሚያስገኝ ሆኖ ለእድሳት 12 ቀን ከቆመ የተቋረጠው ገቢ 18,000 ብር ይሆናል። ድምሩ 113,000 ብር ነው። ባለንብረቱ ያለ በቂ ምክንያት ሚኒባሱን ለ30 ቀን ቢያቆመው የተጨማሪው 18 ቀን ገቢ በጋራዡ ላይ ላይጣል ይችላል። ሹፌሩ መብራቱ በርቶ እያየ ብዙ ርቀት ነድቶ ከሆነም ጋራዡ ከእድሳቱ ወጪ የተወሰነው እንዲቀነስለት ሊከራከር ይችላል። ያረጀ ሞተር በአዲስ ዕቃ ሲታደስ ባለንብረቱ ቀድሞ ከነበረው የተሻለ ንብረት ስለሚያገኝም በዋጋው ላይ ተመሳሳይ ክርክር ይነሳል።

የተቋረጠ ገቢን ለማሳየት የዕለት ገቢ መዝገብ፣ የመናኸሪያ መውጫ ወረቀት ወይም የማጓጓዣ ውል ያስፈልጋል። መዝገብ የማይዝ ባለንብረት ብዙውን ጊዜ የሚያጣው ይህን የካሳ ክፍል ነው።

ጥያቄው የሚቀርብበት ሂደት

ብዙ ጉዳዮች በንግግር ያልቃሉ። በትንሽ ከተማ መካኒኩና ባለንብረቱ የሚተዋወቁ፣ አንዳንዴም ዕድርተኞች ወይም ጎረቤቶች ናቸው። በቅድሚያ ጋራዡ ተሽከርካሪውን አይቶ በራሱ ወጪ እንዲያስተካክል ዕድል መስጠት የተለመደ ነው። ስህተቱ ግልጽ በሆነበት ጊዜ ጥንቁቅ ጋራዥ ይህን ይመርጣል፤ ደንበኛና ስም ከአንድ ብሎን ይበልጣሉና። የጠፋው እምነት ከባድ ከሆነ ወይም ስህተቱ ለሕይወት የሚያሰጋ ከነበረ ባለንብረቱ ሌላ ጋራዥ እንዲሠራው በመጀመሪያው ወጪ ሊጠይቅ ይችላል።

ካልተስማሙ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ማስጠንቀቂያው ተሽከርካሪው የገባበትንና የወጣበትን ቀን፣ የተሠራውን ሥራ፣ የተከፈለውን ገንዘብ፣ የታየውን ብልሽት፣ የሚጠየቀውን ነገርና ተገቢ የመልስ ጊዜን ይይዛል። የተቀባዩ ፊርማ ወይም የምስክሮች ፊርማ ያለበት ቅጂ በጠያቂው እጅ መቅረት አለበት።

ሽማግሌዎች በመካከል ሲገቡ ብዙ ጊዜ ወጪውን ለሁለት በመክፈል ወይም በክፍያ ጊዜ በመስማማት ይፈታል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3307 መሠረት እርስ በርስ በመተው ክርክርን የሚያቆም የግልግል ስምምነት ራሱ ውል ነው። ስለሆነም ማን ምን ያህል በስንት ቀን እንደሚከፍል መጻፍና መፈረም ይገባል። "በእርቅ አልቋል" ተብሎ በቃል ብቻ የቀረ ስምምነት ሁለተኛ ክርክር ሊወልድ ይችላል።

ወደ ፍርድ ቤት ከተሄደ የወረዳ ፍርድ ቤቶች በአማራ ክልል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶች ናቸው። የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በደብረ ታቦር፣ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በባሕር ዳር ይገኛሉ። ከክሱ ጋር ደረሰኝ፣ ፎቶግራፍ፣ የባለሙያ ሪፖርት፣ የማስጠንቀቂያው ቅጂና የምስክሮች ዝርዝር ይቀርባል። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ ሙያዊ ማብራሪያ እንደሚያስፈልገው ካመነ ባለሙያ እንዲመረምረው ሊያዝ ይችላል። ክስ ዳኝነት ክፍያና ጊዜ ስለሚጠይቅ ለአነስተኛ ጉዳት ሽምግልናው ይመረጣል፤ የሞተር ወይም የሰው አካል ጉዳት ሲሆን ግን በሰነድ የተደገፈ ጥያቄ አስፈላጊ ይሆናል።

የወኪል ድርጅት ዋስትና

አዲስ ተሽከርካሪ ከአስመጪ ወኪል ሲገዛ በጊዜ ወይም በኪሎ ሜትር የተወሰነ ዋስትና ይሰጠዋል። በኢትዮጵያ ለምሳሌ ሞኤንኮ የቶዮታ፣ ኒያላ ሞተርስ የኒሳን ወኪሎች ሆነው ሠርተዋል። ዋስትናው ብዙ ጊዜ ተሽከርካሪው በተወሰነ ኪሎ ሜትር ልዩነት በወኪሉ ጋራዥ እንዲታይ ይጠይቃል። ከወረታ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በመሆኑ ለአካባቢው ባለንብረት ይህ ቀላል ግዴታ አይደለም። በአቅራቢያው ጋራዥ ዘይት ማስቀየር ዋስትናውን ይነካ እንደሆነ በውሉ ላይ ማየትና ወኪሉን በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለት ነገሮችን መለየትም ይጠቅማል። የአምራቹ ዋስትና የሚመለከተው ከፋብሪካ የመጣን ጉድለት ነው። የወኪሉ ሠራተኛ ጥገና ላይ ስህተት ቢሠራ ግን ጥያቄው በጥገና ውሉ ላይ ይመሠረታል፤ የፋብሪካ ዋስትናው ጊዜ አልፏል መባሉ ብቻ ይህን ጥያቄ አያስቀርም።

በሌሎች አገሮች

በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የሸማቾች መብት ሕግ አገልግሎት ሰጪ ተገቢ ጥንቃቄና ሙያ እንዲጠቀም ይጠይቃል። ካልተጠቀመ ሸማቹ ሥራው እንዲደገም ወይም ዋጋው እንዲቀነስ ሊጠይቅ ይችላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማግነሰን ሞስ የዋስትና ሕግ አምራቾች ዋስትናን ከራሳቸው ጋራዥ ወይም ከራሳቸው ስም ዕቃ ጋር በክፍያ እንዳያስተሳስሩ በመርሕ ደረጃ ይከለክላል። በእነዚህም አገሮች ቢሆን ባለንብረቱ ስህተቱንና ጉዳቱን የሚያገናኝ ማስረጃ እንዲያቀርብ ይጠበቃል።

መከላከያ

ከጥገና በፊት ተሽከርካሪው ያለበት ሁኔታ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የሚሠራው ሥራና የዋጋ ግምቱ በአጭር የትእዛዝ ወረቀት ቢጻፍ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። ጋራዡ ቀድሞ የነበረውን ጭረትና ብልሽት መዝግቦ ከሐሰት ክስ ይድናል፤ ባለንብረቱም ምን እንዳዘዘ ያሳያል። በመኪናው ውስጥ የቀሩ ዕቃዎች፣ ተጨማሪ ጎማና ክሪክም በአደራ የተሰጡ ስለሆኑ በዝርዝር ቢጻፉ ይመረጣል።

በርክክብ ጊዜ ባለንብረቱ ወይም ሹፌሩ የዘይቱን መጠን በመለኪያው ማየት፣ ሞተሩን አስነስቶ ለጥቂት ደቂቃ ከሥሩ ፍሳሽ መኖሩን መመልከት፣ ፍሬኑን በዝግታ መሞከርና የወለቁትን አሮጌ ዕቃዎች መጠየቅ ይችላል። ይህ አሥር ደቂቃ የማይሞላ ፍተሻ ነው። ከአንበሳሜ ወይም ከደብረ ታቦር ለመጣ ተሽከርካሪ ደግሞ የሚመረጠው ቦታ ከጋራዡ በር ሳይርቅ ነው፤ ጉድለት ቢገኝ ሥራውን የሠራው ሰው፣ መፍቻውና ምስክሩ ሁሉም እዚያው ናቸውና።